አንድ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ ብቻ ቢገዛ የትኛው ይሁን? ኪንግ፣ ሻፕተን፣ ኖርተን፣ ካርቦረንደምና ዳይመንድ ሲነጻጸሩ

መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። ለወጥ ቤት ቢላዋ አንድ ድንጋይ ብቻ የሚገዛ ሰው ቁጥሩ 1000 የሆነ፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የማይፈልግ ድንጋይ ይግዛ። ሁለት መግዛት የሚችል ደግሞ ሁለተኛውን 6000 ወይም 8000 ሳይሆን ሸካራ የዳይመንድ ሰሌዳ፣ ማለትም የዳይመንድ ፍሬ የተለበጠበት ጠፍጣፋ ብረት፣ ያድርገው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ባለሁለት ፊት 1000/6000 ይገዛና ቢላዋው በ6000ው ፊት እስኪያብለጨልጭ ይታሻል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሽንኩርቱ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ድንጋዮች ሁሉ ቢላዋ መሳል ይችላሉ። የሚለያዩት የትኛውን ብረት እንደሚበሉ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሰረጉዱና ምን ያህል እንክብካቤ እንደሚጠይቁ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የፍሬዎቹን ልክ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ይልማል። በጃፓን መለኪያ 400 ቁጥር ድንጋይ 30 ማይክሮን ገደማ የሆነ ፍሬ አለው፤ 1000 ቁጥር 11.5፣ 6000 ቁጥር ደግሞ 2 ማይክሮን ብቻ። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጃፓናውያን ድንጋዮቻቸውን በሦስት ወገን ይከፍሏቸዋል። ሸካራውን አራቶ፣ መካከለኛውን ናካቶ፣ ማጠናቀቂያውን ሺያጌቶ ይሉታል። አራቶ የተሸረፈና ቅርጹ የጠፋ ቢላዋ ያበጃል። ናካቶ ስለት ያወጣል። ሺያጌቶ የወጣውን ስለት ያለሰልሳል እንጂ ከባዶ ስለት አያወጣም። ዶልዱም ቢላዋ በ6000 ድንጋይ ግማሽ ሰዓት ቢታሽ ጎኑ ያብለጨልጫል፤ አፉ ግን አይሳልም።

ቁጥሮቹ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው በቀጥታ እንደማይተረጎሙም ይታወቅ። የጃፓኑ፣ የአሜሪካውና የአውሮፓው መለኪያ የተለያየ ነው። ዳይመንድ ላይ ልዩነቱ ይብሳል፤ ፍሬው ከሰሌዳው ጋር ተጣብቆ የማይነቃነቅና ሹል ስለሆነ በቁጥር ከሚመስለው የውሃ ድንጋይ ይልቅ ጠለቅ አድርጎ ይጭራል። ዲኤምቲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሰሌዳዎቹን በቀለምና በማይክሮን የሚለየው ለገዢ የሚበጅ አሠራር ነው፦ ጥቁር 60፣ ሰማያዊ 45፣ ቀይ 25፣ አረንጓዴ 9 ማይክሮን።

የወጥ ቤት ሥራ መስተዋት የመሰለ ስለት አይፈልግም። ከ1000 ድንጋይ የወጣ ስለት በዓይን የማይታይ ጥርስ አለው። የቲማቲሙን ቆዳ፣ የቃሪያውን ልጣጭ፣ የጥሬ ሥጋውን ጅማት ቆንጥጦ የሚይዘው ያ ጥርስ ነው። ለቁርጥ የሚቀርብ ቢላዋ ሳብ ሲደረግ መቁረጥ አለበት። ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ሥጋው ላይ ይንሸራተታል፤ በላተኛውም መጫን ይጀምራል፤ እጅ የሚቆረጠው ያኔ ነው። 6000 ቦታው ጠንካራ የጃፓን ብረትና በስሱ የሚቆረጥ ዓሣ ጋር ነው።

ቢላዋው ከምን ተሠራ

ድንጋይ ከመመረጡ በፊት ብረቱ ይታወቅ። የብረት ጥንካሬ የሚለካው በሮክዌል ነው። እንደ ቪክቶሪኖክስ ያሉ የአውሮፓ የወጥ ቤት ቢላዋዎች 55 እና 56 አካባቢ ናቸው። ለማንኛውም ድንጋይ ይሸነፋሉ፤ ነገር ግን ስለቱ ጫፍ ላይ ወደ ማዶ የሚታጠፍ ቀጭን ብረት ይበዛባቸዋል። ይህን ቀጭን ብረት ከዚህ በኋላ እጥፋት እንለዋለን። ቪጂ 10 ከተባለው የማይዝግ ብረት የተሠሩ የጃፓን ቢላዋዎች 60 እና ከዚያ ከፍ ይላሉ፤ ስለታቸው ይቆያል፣ አጥንት ላይ ሲጠመዘዙ ግን ይሸረፋሉ።

ከመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጠው የአገር ቤት ቢላዋ የካርቦን ብረት ነው። ይዝጋል፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ለመሳል የሚመች እርሱ ነው፤ እጥፋቱ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይረግፋል። ጥንካሬው በእሳትና በውሃ በሚያበስለው ሰው እጅ ላይ ስለሚያድር ግን መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቢላዋዎች አንድ ድንጋይ ላይ የተለያየ ጠባይ ቢያሳዩ ድንጋዩን መውቀስ አይገባም።

አራተኛው ወገን ቫናዲየም የበዛባቸው ውድ የኪስ ቢላዋዎች ናቸው። ብረቱ ውስጥ ያለው ቫናዲየም ካርባይድ የተባለ ጠጣር ቅንጣት ድንጋዮች በብዛት ከሚሠሩበት ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይጠነክራል። ድንጋዩ በካርባይዱ ዙሪያ ያለውን ብረት ይበላል፤ ካርባይዱን ራሱን ግን አይቀርጸውም። ለእነዚህ ዳይመንድ ይገዛ።

ኪንግ 1000/6000

ለጀማሪ አብዝቶ የሚመከረው ይህ የጃፓን ድንጋይ ነው። አንዱ ፊት ቡናማ 1000፣ ሌላው ነጣ ያለ 6000 ሲሆን ርዝመቱ 18 ሴ.ሜ፣ ስፋቱ 6 ሴ.ሜ ይሆናል። ለስላሳ ነው። ሲታሽ አሮጌው ፍሬ እየለቀቀ አዲስ ፍሬ ስለሚወጣ ብረት መብላቱን አያቆምም፤ ላዩ ላይ የሚጠራቀመው ጭቃም የሚረዳ ነገር ስለሆነ በየደቂቃው መታጠብ የለበትም። እጅ ላይ የሚሰጠው ስሜት ግሩም ነው። ስለቱ በትክክል ሲነካው ድምፁ ይቀየራል፤ ጀማሪ ማዕዘኑን በጆሮው ይማራል።

የ1000ው ፊት ከመሥራቱ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ አረፋ መትፋቱን ሲያቆም ጠጥቶ ጠግቧል ማለት ነው። ሳይጠግብ ከተጀመረ በየግማሽ ደቂቃው ይደርቅና ስለቱን ይዞ ያንቀዋል። ለ6000ው ፊት ላዩ ላይ የሚረጭ ውሃ ይበቃዋል።

ጉድለቱ ከልስላሴው ይመጣል። ሦስት ወይም አራት ቢላዋ ከተሳለበት በኋላ መሐሉ መሰርጎድ ይጀምራል። የሰረጎደ ድንጋይ ላይ ማዕዘን መጠበቅ አይቻልም፤ ቢላዋው ከዳር ወደ መሐል ሲሄድ በራሱ ይዘነበላል። ስለቱን ወደፊት እየገፋ የሚስል ሰው እጁ ትንሽ ቀና ካለ ደግሞ ድንጋዩን ይቆርጠዋል። በየጊዜው የማስተካከል ትዕግሥት ያለው ሰው ይግዛው። የሌለው ሰው በስድስት ወር ውስጥ ጀልባ የመሰለ ድንጋይ ይዞ ይቀራል። ደግሞም ቢላዋው ለስላሳ የአውሮፓ ብረት ከሆነ የ6000ው ፊት ዋጋ ሳያስፈልግ እየተከፈለ ነው።

ሻፕተን ኩሮማኩ 1000

ምርጫችን ይህ ነው። ብርቱካናማ ነው፤ 21 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 7 ሴ.ሜ ስፋት፣ 1.5 ሴ.ሜ ውፍረት አለው። አይዘፈዘፍም። ውሃ ይረጭበታል፣ ሥራ ይጀመራል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምሳ እየተሠራ ቢላዋ ሲደነዝዝ አሥር ደቂቃ ድንጋይ የሚዘፈዝፍ ሰው የለም፤ ሁለት ደቂቃ ግን ይገኛል። በተገኘችው ሁለት ደቂቃ የሚሳል ቢላዋ ፈጽሞ አይዶለዱምም። የሚመጣበት የፕላስቲክ ሳጥንም ተገልብጦ መቆሚያ ይሆናል።

ጠንካራ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፤ በወር አንዴ ሁለት ቢላዋ የሚስል ቤት ለብዙ ወራት ማስተካከል ላያስፈልገው ይችላል። ብረት አበላሉም ፈጣን ነው። ከ55 እስከ 61 ሮክዌል ያለውን ብረት ሁሉ ያስተናግዳል።

ጉድለት አለው። ስሜቱ ደረቅ ነው፤ ብርጭቆ ላይ እንደመሳል ስለሚመስል ጀማሪ ማዕዘኑን ሲስት አይነግረውም። ለስላሳ የማይዝግ ብረት ሲሳልበት ፊቱ በብረት ብናኝ ይጠቁርና መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ ውሃ መጨመር ብቻውን አይረዳም፤ በዳይመንድ ሰሌዳ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አሥር ጊዜ ያህል ፊቱን መፈተግ ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ ረስቶ ማሳደር አይገባም። ሲደርቅ በጎኑ ቆሞ፣ በጥላ፣ ሁለቱም ፊት አየር እያገኘ ይሁን። ሳጥኑ ውስጥ እርጥቡን የተከደነ ወይም ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድንጋይ ሊጣመምና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ኖርተን ኢንዲያ

አሜሪካ ያለ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው የዘይት ድንጋይ ነው። የተለመደው መጠን 20 ሴ.ሜ በ5 ሴ.ሜ ሲሆን አንዱ ፊት ሸካራ፣ ሌላው ልም ነው። ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ዘይት ጠጥቶ ስለሚመጣ ውሃ አይቀበልም። ትልቁ በጎነቱ ዕድሜው ነው። በቤት ሥራ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊጨርሰው አይችልም፤ ቢወድቅ ካልተሰበረ በቀር አይሰረጉድም ለማለት ይቻላል። ለቪክቶሪኖክስና ለባሌስትራ ቢላዋ ልሙ ፊት የሚያወጣው ስለት ሥጋ ላይ በጣም ይይዛል። ከ60 ሮክዌል በላይ ሲሆን ግን ይዘገያል።

የሚሳሳቱበት ዘይቱ ላይ ነው። የምግብ ዘይት አይደረግበት፤ በተለይ የኑግ ዘይት። ኑግ አየር ሲያገኘው የሚወፍርና የሚጠጥር ዘይት ስለሆነ የድንጋዩን ቀዳዳዎች እንደ ሙጫ ይደፍናቸዋል፤ ድንጋዩም ብረት መብላት ያቆማል። ከማዕድን የሚወጣ ቀጭን ዘይት ነው የሚያስፈልገው። ፋርማሲ የሚሸጠው ነጭ የማዕድን ዘይት ተመራጭ ነው። የስፌት መኪና ዘይትም ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢላዋው በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የተደፈነ ድንጋይ በነጭ ጋዝ ተዘፍዝፎ አድሮ በጠንካራ ብሩሽ ሲታሽ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ወደ ውሃ አይመለስም።

ግራጫው ካርቦረንደም

መርካቶ ውስጥ የግንባታና የእጅ መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች የሚያቀርቡት ባለሁለት ፊት ግራጫ ድንጋይ በአብዛኛው ይህ ነው፤ ሲሊኮን ካርባይድ። እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን ሰው ሠራሽ ዳይመንድ ለመሥራት ሲሞክር ያገኘው ነገር ነው፤ ካርቦረንደም የሚለውን ስምም የሰጠው እርሱ ነው። ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይጠነክራል፣ ግን ተሰባሪ ነው። ፍሬው ሲሰበር አዲስ ሹል ጠርዝ ስለሚያወጣ ብረት በፍጥነት ይበላል፤ ድንጋዩ ራሱም አብሮ ያልቃል።

በርካሽ የሚሸጠው ዓይነት ከባድ ስህተቱ ፍሬው እኩል አለመሆኑ ነው። ልም የተባለው ፊት ላይ አንድ ሸካራ ፍሬ ከተገኘ ያለቀለትን ስለት ይጭረዋል። ቢሆንም ሥጋ ቤት ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ ለሚሳል ለስላሳ ቢላዋ፣ እንዲሁም ለመጥረቢያና ለማጭድ፣ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ውሃ ብቻ በብዛት ይደረግበት። ልሙን ፊት ተጠቅሞ በመጨረሻ እጅን አቅልሎ ከጨረሱ ቲማቲም በደንብ የሚቆርጥ ስለት ይወጣል።

የዳይመንድ ሰሌዳ

ይህ ድንጋይ አይደለም፤ በኒኬል ዳይመንድ የተለበጠበት ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው። የማይበላው ብረት የለም፤ አይሰረጉድም፤ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። ከሁሉ ጥቅሙ የሚታየው ሸካራው ላይ ነው። አንድ ሚሊሜትር የተሸረፈ ቢላዋ 1000 ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስለፋል፤ ድንጋዩንም ያሰረጉደዋል። በ140 ወይም በ400 የዳይመንድ ሰሌዳ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ያው ሰሌዳ የ1000ውን ድንጋይ ፊትም ያስተካክላል። ሁለተኛው ግዢ ይሁን ያልነው ለዚህ ነው።

የጃፓኑ አቶማ 140 እና 400 ለዚህ ሥራ ይመረጣሉ። ዳይመንዱ በትንንሽ ነጠብጣብ ተከፋፍሎ ስለተለበጠ ጭቃው መውጫ ያገኛል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይም እንደ መስተዋት አይጣበቅም። ሲያልቅም ላዩ ተልጦ አዲስ ይለጠፍበታል። የዲኤምቲው ሰማያዊ ሰሌዳም ለቢላዋ ጥሩ ነው።

ስም የሌላቸው ባለ400/1000 ቀጫጭን ሰሌዳዎች ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ብዙዎቹ ትንሽ የጎበጡ ናቸው፤ አዲስ ሲሆኑ ከቁጥራቸው በላይ ይጭራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቢላዋዎች እስኪያልፉ ድረስ ጥሩ ቢላዋ አይቅረብባቸው። ማንኛውም ዳይመንድ የሚበላሸው በመጫን ነው። ሰው ከድንጋይ የለመደውን ጉልበት ሲያመጣ ፍሬው ከኒኬሉ ተነቅሎ ይወጣል፤ የተነቀለ ዳይመንድ አይመለስም። የእጅ ክብደት ይበቃዋል።

የተፈጥሮ ድንጋዮችን በአጭሩ እንለፋቸው። የአርካንሳስ ድንጋይ በአሜሪካ ዋሺታ ተራሮች የሚቆፈር ኖቫኩላይት የተባለ ድንጋይ ነው፤ ውብ ነው፣ ለካርቦን ብረት ማጠናቀቂያ ይሆናል፣ ለዘመናዊ የማይዝግ ብረት ግን ያዘግማል። የቤልጂየሙ ኮቲኩል ጋርኔት የተባለ ጠንካራ ማዕድን ያለበት ቢጫ ድንጋይ ነው፤ ቦታው ምላጭ ጋር ነው። ከወንዝ ዳር ተመርጦ የሚመጣው የአገር ቤት መሳያ ድንጋይ ለባሌስትራ ቢላዋ ያገለግላል፤ ፍሬው እኩል የሆነውን ማግኘት ግን ዕድል ነው።

ድንጋይ ሳይሆኑ ድንጋይ የሚመስሉ

ሥጋ ቤት ተንጠልጥሎ የሚታየው የብረት ዘንግ የተጠማዘዘ ስለት ያቀናል እንጂ ያለቀ ስለት አይመልስም። ለለስላሳ ብረት ዕለት ዕለት ይጠቅማል። 60 ሮክዌል ያለፈ የጃፓን ቢላዋ ከነካው ግን ይሸርፈዋል። ሞረድ የዶማና የማጭድ መሣሪያ ነው፤ ቢላዋ ላይ መጋዝ የመሰለ አፍ ይተዋል። እየተጎተተ የሚሳልበት ባለሁለት ክንፍ መሣሪያ ብረቱን ይገሸልጠዋል፤ ለጊዜው የተሳለ ይመስላል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የቢላዋው መሐል ጎድጉዶ መክተፊያው ላይ አይገጥምም። በደረቅ የሚሽከረከር መፍጫ ላይ የሚሳል ከሆነ ሥራው የሚበላሸው በሙቀት ነው። ስለቱ ስስ ስለሆነ በአንድ አፍታ ይግላል፤ ሰማያዊ ወይም ቡናማ መልክ ካወጣ በዚያ ቦታ ጥንካሬው ለቋል፤ ቢሳልም አይቆይም። ለዚህ የሚሰጥ ቢላዋ በየሁለት ጭረቱ ውሃ ውስጥ ይነከር።

ምንም በሌለበት የሲኒ ወይም የሸክላ ሳህን ቂጥ ይሠራል። ያልተቀባው ሸካራ ቀለበት እንደ ልም ሴራሚክ ስለሚሆን በጥንቃቄ አምስት አምስት ጊዜ በየጎኑ ቢታሽ ለአንድ ምግብ የሚበቃ ስለት ይመልሳል።

አሳሳሉ

ማዕዘኑ ከድንጋዩ ይበልጣል። ለአትክልት ቢላዋ በየጎኑ 15 ዲግሪ፣ አጥንት ለሚነካ የሥጋ ቢላዋና ዶሮ ለሚበልት 20 ዲግሪ ይያዝ። በዓይን መገመት ያቃተው ሰው በማስመሪያ ይለካ፤ ስፋቱ 45 ሚሜ የሆነ ቢላዋ ጀርባው ከድንጋዩ 12 ሚሜ ሲነሣ 15 ዲግሪ፣ 15 ሚሜ ሲነሣ 20 ዲግሪ ይሆናል። ስፋቱ 30 ሚሜ ከሆነ ቁጥሮቹ 8 እና 10 ሚሜ ናቸው። ወረቀትም ይረዳል፦ የወረቀት ማዕዘን ሁለቴ እኩል ሲታጠፍ 22.5 ዲግሪ ይሰጣል፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው።

ስለቱ ጎንና ጎን ማርከር ይቀባ። ሦስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ካለፈ በኋላ ይታይ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ዝቅ ብሏል፤ አፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ከፍ ብሏል። ቀለሙ ከላይ እስከ አፉ ሲጠፋ ማዕዘኑ ተገኝቷል።

ከድንጋዩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ፤ የሚንሸራተት ድንጋይ እጅ ይቆርጣል። ቢላዋው በሦስት ክፍል ይታሰብ፦ ከእጀታው አጠገብ፣ መሐሉ፣ ጫፉ። የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ከሚሳለው ክፍል በላይ ያርፉና እያንዳንዱ ክፍል 20 ወይም 30 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይታሽ። ጫፉ ሲደርስ ስለቱ ስለሚጎብጥ እጀታው ትንሽ ይነሣ፤ ይህ ስለሚዘነጋ ነው የብዙ ቢላዋ ጫፍ ዶልዱም የሚሆነው። ሲጀመር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ የሚሆን ጫና ይበቃል። ድንጋዩን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጦ አንድ ጊዜ መጫን እጅን ያስተምራል።

እጥፋቱ የሥራው ምስክር ነው። አውራ ጣት ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ከቢላዋው ወደ ውጭ ሲንሸራተት በማዶው በኩል የሚይዝ ነገር ይሰማዋል። ጣት በስለቱ ርዝመት በፍጹም አይሄድም። እጥፋቱ ከእጀታ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ካልወጣ ሌላው ጎን አይጀመር። አንዱን ጎን በግማሽ ትቶ ወደ ሌላው መዞር ቢላዋ አልሳል የሚልበት ዋነኛው ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ተዳፋቶች አፉ ላይ አልተገናኙም።

በሁለቱም ጎን እጥፋት ከወጣ በኋላ እጥፋቱን ማጥፋት ይከተላል። በየጎኑ 10፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ አንድ አንድ ጊዜ፣ ጫናው እየቀነሰ መጨረሻ ላይ የቢላዋው ክብደት ብቻ እስኪቀር። ስለቱ ወደፊት እየሄደ ይሁን። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ወይም የቆዳ ቀበቶ ውስጠኛው ፊት ላይ፣ ወደኋላ ብቻ አሥር አሥር ጊዜ ይሳብ። ተስሎ በማግሥቱ የደነዘ ቢላዋ እጥፋቱ ያልጠፋ ቢላዋ ነው። ቀጭኑ ብረት ቀጥ ብሎ ቆሞ ስለት መስሎ ነበር፤ ሽንኩርቱን ሲነካ ተኛ።

ፍተሻው በመብራት ይሁን። ስለቱ ወደ ላይ ተይዞ ከአምፖል ሥር ሲታይ የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም። ነጭ ነጥብ ወይም መስመር የታየበት ቦታ ዶልዱም ነው፤ ወደዚያ ብቻ ይመለሱ።

ድንጋዩን ማስተካከል

ፊቱ ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን መረብ ይሰመር። 140 የዳይመንድ ሰሌዳ በሚፈስ ውሃ ሥር ይታሽበት። መጀመሪያ የዳሮቹ መስመር ይጠፋል፤ የመሐሉ መስመር ሲጠፋ ድንጋዩ ልክ ሆኗል። ጠርዞቹ በ45 ዲግሪ ትንሽ ይሰበሩ፤ ሹል ጠርዝ ቶሎ ይፈረፈራል። ሰሌዳ የሌለው ሰው 220 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስተዋት ወይም ለስላሳ ሴራሚክ ላይ አርጥቦ ይለጥፍና ድንጋዩን ያሽበት፤ ውጤቱ አንድ ነው፣ ወረቀቱ ብቻ ያልቃል። ሸካራ የካርቦረንደም ድንጋይ ግን በዳይመንድ ሰሌዳ አይስተካከል። የሚለቀው ሸካራ ፍሬ ዳይመንዱን የያዘውን ኒኬል ይበላዋል።

ሱቅ ላይ

ማስመሪያ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። በርዝመትና በአግድም ድንጋዩ ላይ ሲቆም ከሥሩ ብርሃን ካለፈ አዲሱም ድንጋይ ሰርጉዷል። ባለሁለት ፊት ከሆነ ሁለቱ ፊቶች በጥፍር ሲፋቁ ድምፃቸው መለየት አለበት፤ ቀለማቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ቁጥሩ የቀለም ነው። መጋጠሚያቸው ላይ የሙጫ ክፍተት ካለ ውሃ ገብቶ ይለያያቸዋል። ሻጩ ከፈቀደ አንድ ጠብታ ውሃ ይደረግበት፦ ወዲያው ከጠጣው የሚዘፈዘፍ፣ ላዩ ላይ ከቆመ የሚረጭበት ወይም ቀድሞ ዘይት የጠጣ ነው። ርዝመቱ ከ18 ሴ.ሜ፣ ስፋቱ ከ6 ሴ.ሜ ካነሰ ለኪስ ቢላዋ እንጂ 20 ሴ.ሜ ለሆነ የወጥ ቤት ቢላዋ አይመችም። በጣት መያዝ የሚቻለው ትንሹ ድንጋይ ዋጋው ቢቀንስም፣ በየጭረቱ ማዕዘኑ ስለሚስት ቢላዋው ላይ ብዙ ጊዜ ይባክናል።